የስፖንጁ ክፍል ራዲዮ ተዘግቷል

ለእህቴ፣

«ለውድ» ብዬ ጀምሬ ነበር፤ ሰርዤዋለሁ። ስረዛው እንዲታይሽ ብዬ ነው ወረቀቱን ያልቀየርኩት። «እታለም» የሚለውንም ስም ለጊዜው አንስቼብሻለሁ። እማዬ ግን ሰላምታ የሌለው ደብዳቤ ክስ ነው ስለምትል፣ እንደምን ሰንብተሻል? እንቅልፍ ይወስድሻል? በደንብ ትበያለሽ? እዚያ ያለው ብርድስ እንዴት አድርጎሻል? ለጊዜው ይህን የጠየቅሁሽ ለወጉ ነው፤ ከልቤ የምጠይቅሽ ሌላ ጊዜ ነው። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። አባዬ ደህና ነው፣ ዓይኑም ደህና ነው፤ ስለ ዓይኑ ኋላ እመለስበታለሁ። እማዬ ደህና ናት። የአያታችን ጆሮ እንደነበረ ነው፤ ሲጠሯት አትሰማም፣ ሲያሟት ትሰማለች። ድመቷ ወልዳለች። እኔም አንቺ ካስያዝሽኝ ንዴት በስተቀር በጣም ደህና ነኝ።

ለምን በወረቀት እንደምጽፍልሽ ታውቂያለሽ። ቮይስ ብልክልሽ ነገ ዳቦ ቤት ተሰልፌ የገዛ ድምፄን ከፊቴ ከቆመችው ሴትዮ ስልክ እሰማዋለሁ። ወረቀት ድምፅ የለውም፤ ለጓደኞችሽ ብታነቢላቸው እንኳን በራስሽ ድምፅ ነው፣ ያንቺ ደግሞ የኔን ያህል አያስቅም። ይህን የሚያደርስልሽ ለአባዬ ጨርቅ የሚያመላልሰው ሹፌር ነው። ፖስታውን በማጣበቂያ አላምነውም፤ በሶፋ ክር፣ ድርብ አድርጌ፣ በቆልማማው መርፌ ጥብቅ አድርጌ እሰፋዋለሁ። አባዬ «ዝሆን ቢቀመጥበት አይለቅም» የሚለውን ስፌት ነው የምሰፋው። ከመንገድ የከፈተው ሰው ቢኖር ወዲያው ታውቂያለሽ። አንቺንም ቢሆን ትንሽ ታገዪ ብዬ ነው።

ቤታችን አንቺ እንደተውሽው ነው። ሳሎናችን ውስጥ ዛሬም የኛ የሆነ መቀመጫ የለም። የሶፋ ሠሪ ልጆች ሆነን የምንቀመጠው የሰው ሶፋ ላይ ነው፤ ታድሶ ባለቤቱ እስኪወስደው ድረስ። ባለፈው ወር የጥርስ ሐኪሙ የቆዳ ወንበር ላይ እንደ ትልቅ ሰው ተንፈላሰን ከረምን፤ አሁን ደግሞ አንድ ጎኑ የሰመጠ ቡናማ ሶፋ ላይ ሁላችንም ወደ ግራ ዘምመን ነው የምንበላው። እማዬ «በሰው ዕቃ ላይ አትንሰራፉ» ትለናለች፣ ራሷ ተንሰራፍታ። በዚህ ቤት ውስጥ የኔ የምለው ቦታ አንድ ብቻ ነበር። ከወርክሾፑ ጀርባ ያለው የስፖንጅ ክፍል። እስከ ጣሪያ በተቆለለው ስፖንጅ መሀል ገብቼ በሩን ስዘጋው ከውጭ ምንም አይገባም፣ ከውስጥም ምንም አይወጣም። እዚያ ተጋድሜ የእማዬን አሮጌ ስልክ አፌ ላይ ደቅኜ ላንቺ አወራ ነበር።

ያስጀመርሽኝ ደግሞ አንቺ ነሽ። ልትሄጂ ሻንጣሽን ስትዘጊ፣ እኔ ላዩ ላይ ተቀምጬ እንዲዘጋልሽ ስረዳሽ፣ «የሆነውን ሁሉ ንገሪኝ፣ አንዳች እንዳታስቀሪ፤ ከኔ ጆሮ የትም አይሄድም፣ ዓይኔን ግንባር ያድርገው» ብለሽ ማልሽልኝ። እስቲ አሁን ሄደሽ መስታወት እዪ። ዓይንሽ ቦታው ላይ ነው?

አረንጓዴውን ሶፋ ታስታውሺዋለሽ፤ ስንት ጊዜ ተርኬልሻለሁ! ከፋይ ጨርቅ የለበሰ፣ አንድ እግሩ ተሰብሮ በጡብ የተደገፈ፣ መሀሉ ላይ ሞላው ወጥቶ የሚዋጋ። ያመጡት ፋርማሲ የሚሠሩት ሴትዮ ናቸው፣ ከልጃቸው ጋር። ልጁ በትምህርት ቤት ከኔ አንድ ክፍል ይበልጣል። አይቶኝ አያውቅም፤ ወይም እንደ ጥቁር ሰሌዳው ለምዶኝ ማየቱን ትቶታል። ያን ቀን ግን የሶፋውን አንድ ጫፍ እሱ፣ ሌላውን ጫፍ እኔ ይዘን ስናስገባ ሶፋው በሩ ላይ ተቀረቀረ፤ እሱ ውጭ እኔ ውስጥ ሆነን ቀረን። አባዬ መዶሻ እስኪያመጣ ድረስ በሶፋው አናት ላይ ተያየን። ሳቀ። ሲስቅ ግራ ጉንጩ ስርጉድ አለ። ከዚያች ቀን ጀምሮ እህል ውሃ አላሰኘኝም ብዬሽ ነበር፤ እርግጥ የዚያን ማታ ራቴን ደግሜ በልቻለሁ፣ ግን ልቤ እዚያ አልነበረም። ስሙን እንኳን ጠርቼልሽ አላውቅም። «ባለሶፋው» ነበር የምንለው፣ እኔና አንቺ፣ ሁለታችን ብቻ። «ሁለታችን ብቻ» የምትለዋን እባክሽ እንደገና አንብቢያት።

ልጁ ሶፋው ደርሶ እንደሆነ ሊጠይቅ ከትምህርት ቤት መልስ ብቅ ይላል። ሶፋው ካለቀ ደግሞ የሚመጣበት ምክንያት የለም። ይህን ለመረዳት ጎበዝ ተማሪ መሆን አያስፈልግም። ስለዚህ አባዬ የግራውን ክንድ መደገፊያ ሰፍቶ ለምሳ ሲገባ፣ እኔ በምላጭ ጫፍ ስፌቱን ተረተርኩት። ብዙ አይደለም፣ ስንዝር ቢሆን ነው። አባዬ ተመልሶ አየው፤ ራሱን አከከ፣ ክሩን ረገመ፣ ክሩን የሸጠለትን ረገመ፣ እንደገና ሰፋው። ልጁ መጣ፤ «ነገ ና» ተባለ፤ ስርጉዱን አሳይቶን ሄደ። እኔም እንደገና ተረተርኩት። ይህን ስነግርሽ ሳቄ ወደ ውጭ እንዳይሰማ ስፖንጅ ነክሼ ነበር፤ ስፖንጁ ላይ እስካሁን የጥርሴ ምልክት አለ። አንቺም «ውይ አንቺ ልጅ! በይ ቀጥዪ!» አልሽኝ።

ከጥቂት ጊዜ ወዲህ መልስሽ ሁሉ ይኸው ሆኖ ነበር። ዱሮ ስለምትሠሪበት ሆቴል፣ ስለ ልብስ ማጠቢያው፣ ሰዎች አልጋቸው ውስጥ ረስተው ስለሚሄዱት ጉድ ሁሉ ዘርዝረሽ ትጽፊልኝ ነበር። ኋላ መጻፉን ተውሽና «ደህና ነኝ፣ አንቺ ቀጥዪ» ብቻ ሆነ፣ እሱም በድምፅ። ፊትሽን ልየው ስልሽ ካሜራዬ ተበላሽቷል ትያለሽ። እኔም ሞኝ፣ ሥራ በዝቶባት ነው፣ ደክሟት ነው ብዬ ይባሱን አወራልሽ ጀመር። ሲያወሩለት ዝም የሚል ሰው የሚያዳምጥ ይመስላል።

አንድ ቀን አባዬ ከመንገድ ላይ መነጽር ገዝቶ መጣ። መነጽሩ ከፊቱ የሰፋ ነው፤ ጎንበስ ሲል አፍንጫው ጫፍ ላይ ይወርድና እንደ ዕቃ ግምጃ ቤት ሹም ያደርገዋል። በዚህም ሳቅሁ፣ ላንቺም ነገርኩሽ። ከዚያ ግን መነጽሩን አድርጎ ሲሰፋ ጣቱን ወጋ። እሱ፣ መብራት ሲጠፋ በዳበሳ ክር የሚያስገባው አባታችን! የዚያኑ ዕለት ለእማዬ ሲነግራት ሰማሁት። «ይሄን አረንጓዴ ሶፋ ላስረክብና ሥራውን እተወዋለሁ። ዓይኔ ከዳኝ። የሰው ዕቃ ከማበላሽ እጄን አጣጥፌ ብቀመጥ ይሻላል» አላት። እማዬ የታጠበውን ሳህን እንደገና አጠበችው።

ደንግጬ ስፖንጅ ክፍል ገባሁ። ያን ቀን የላክሁልሽ ውስጥ ቀልድ አልነበረም። እያለቀስኩ ነው የጠየቅሁሽ። ልንገረው? ወይስ መተርተሬን ትቼ ዝም ልበል? ምን ይሻለኛል? አልኩሽ። አንቺ ታላቄ ነሽ፤ እናቴን ልጠይቅ የማልደፍረውን አንቺን ነው የምጠይቀው። ምን ብለሽ መለስሽልኝ? «አይዞሽ፣ አሁን አትንገሪው። ትንሽ ቆዪ፣ መጀመሪያ ልጁ ምን እንደሚልሽ እንይ» አልሽኝ። ከኋላሽ የሚንሾካሾክና የሚስቅ ሰው ነበር። ቴሌቪዥን መስሎኝ ነበር። ምክርሽን ተቀብዬ እንደገና ተረተርኩት። አንቺ ባትዪኝ ኖሮ ያን ቀን ለአባዬ እነግረው ነበር፤ ይህን በማንም እምልልሻለሁ።

የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ ቅዳሜ ጠዋት ፋርማሲስቷ መጡ። አባዬ መነጽሩን አድርጎ ያንኑ ክንድ መደገፊያ ይሰፋል፤ እማዬ መብራት ይዛለታለች፤ እኔ የስፖንጅ ፍርፋሪ እጠርጋለሁ። ሴትዮዋ ሳቅ ሳቅ እያላቸው «ሶፋዬ ለምን እንደዘገየ እኔ ልንገርዎት» አሉና ስልካቸውን የአባዬ መቀስ አጠገብ አስቀመጡት። ከዚያ ድምፄ መጣ። ስፖንጅ መሀል የተቀዳ ድምፅ እንዴት ጥርት እንደሚል ታውቂያለሽ፤ ምራቄን ስውጥ ሁሉ ይሰማል። «ዛሬም ተረተርኩት! አባዬ ምስኪን ዓይኑ የደከመ መስሎት መነጽር ገዛ፤ መነጽሩን ብታዪው ጉድ ትያለሽ! ባለሶፋው ግን ሲስቅ ስርጉዱ ውስጥ ገብቼ ጥቅልል ብዬ ብተኛ...» ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፈውም። አንቺ ታውቂዋለሽ። አሁን ሰፈሩም ያውቀዋል።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። መሬት ግን ሥራ በዝቶባት ነበር። ስልኩ አንዱን ሲጨርስ ራሱ ሌላውን ቀጠለ። ማልቀሴ ተሰማ። ሴትዮዋ ይሄኛውን አልሰሙት ኖሯል፤ ፊታቸው ተለዋውጦ ሊያጠፉት ተርበተበቱ። አባዬ እጁን አንስቶ «ተዉት» አላቸው። እስከ መጨረሻው ሰማው። «ምን ይሻለኛል?» ስል ሰማ፤ ከዚያ ያንቺን መልስ ሰማ። አዎ፣ ያንቺም ድምፅ አብሮ መጥቷል። እማዬ መብራቱን አስቀምጣ አረንጓዴው ሶፋ ላይ ዝርፍጥ አለች፣ የሰው ዕቃ ነው አላለችም። አባዬ መነጽሩን አወለቀ፣ እጥፍ አድርጎ ኪሱ ከተተ፣ የወርክሾፑን ግድግዳ፣ ክሮቹን፣ የመርፌዎቹን ሳጥን አንድ በአንድ አየ። «ተመስገን፤ ለካ ዓይኔ ደህና ነው» አለ። ከዚያ እኔን አየኝ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

እንዴት እንደደረሰ ለማወቅ ብዙ አልፈጀብኝም። የፋርማሲስቷ ታናሽ እህት አንቺ ጋ፣ እዚያው ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ትሠራለች፤ አልጋዋም ካንቺ አልጋ ትይዩ ነው። አረንጓዴ ከፋይ፣ በጡብ የተደገፈ እግር ስል ስትሰማ የእህቷን ሶፋ አወቀችው። ሆዷን ይዛ ስቃ ስቃ «ላኪልኝ» አለችሽ። አንቺም ላክሽላት። ማሰማቱ አንድ ነገር ነው፤ አፍ ያመልጣል፣ ሰው ይሳሳታል እል ነበር። አንቺ ግን ጣትሽን አንስተሽ፣ መርጠሽ፣ ላክሽላት። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ የኔ ካፌ ወጥቶ ያንቺ ጆሮ ጋ ይቆማል ብዬ ነበር።

ደወልኩልሽ። መጀመሪያ ያደረግሽው ምን እንደነበረ ታስታውሻለሽ? ሳቅሽ። «ውይ! እዚያም ደረሰ እንዴ?» አልሽ። ማልቀሴን ስትሰሚ ደግሞ «እኔ እኮ ለክፍሉ ልጆች ብቻ ነው ያሰማሁት» አልሽ። ለክፍሉ ልጆች ብቻ! አልጋችን ደርብ ነው፣ ለመታጠቢያ ቤት እንሰለፋለን አላልሽኝም ነበር? ለካ እኔ ብቻዬን ከአንድ ሰው ጋር ስንሾካሾክ የሚያዳምጠኝ አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ነው። ለካ «ቀጥዪ» ስትዪኝ የሚቀጥለውን ክፍል የሚጠብቅ ሰው ስላለ ነው። ስለ አባዬ ምክር ጠየቅሁሽ፤ አንቺ ተመልካቾችሽ እንዳይከፋቸው ብለሽ መለስሽልኝ። ከዚያ ስልክሽን አጠፋሽው።

ሰፈሩን ብታዪው! ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ እኔ ሳልሰማ እስከ መጨረሻው ቤት ድረስ ተሰምቶ አልቋል። ዳቦ ቤት ያለችው ልጅ ቦርሳዬን ስታይ «ምላጭ አልያዝሽም አይደል?» አለችኝ። ክፍል ውስጥ «ተርታሪዋ» ነው ስሜ። ጫማ ጠጋኙ የሰፋውን ጫማ እኔ ሳልፍ በእጁ ይሸፍነዋል። አያታችን ደግሞ እማዬ ስልክ ላይ ስትሰማው አብራ ሰምታ፣ «ይቺ ልጅ ድምፅዋ ያምራል፤ የማን ልጅ ናት? ራዲዮ ላይ ቀጠሯት?» ብላ ጠየቀች። ከዚያች ቀን ወዲህ በየማታው ራዲዮኑን ከፍታ እኔን ትፈልጋለች፣ እኔ ከጎኗ ተቀምጬ።

አባዬ አልቆጣኝም። እሑድ ጠዋት ቆልማማውን መርፌ አስጨበጠኝና «ስፊው» አለኝ። ክንድ መደገፊያውን ከላይ እስከ ታች እኔ ሰፋሁት፤ እሱ ያለ መነጽር አጠገቤ ቆሞ፣ ስሳሳት አስፈትቶ፣ እንደገና አስጀምሮ። ሲያልቅ ጋሪ ላይ ጫንነውና እኔው አስረክብ ዘንድ አብሬው ሄድኩ። ቤታቸው በመጋረጃ ለሁለት የተከፈለች አንድ ክፍል ናት። ሶፋው የነበረበት ቦታ ላይ ካርቶን ተዘርግቶ ብርድ ልብስ ታጥፎበታል። ባለሶፋው ሶፋውን እንዳየ ቁጭ አለበትና «እፎይ! ወገቤ አልቆ ነበር» አለ። አልገባኝም። «አልጋዬ እኮ ነው» አለኝ። እኔ ስርጉዱን እንዳላጣ ስፌት ስተረትር፣ ልጁ ያን ሁሉ ጊዜ ሲሚንቶ ላይ ነበር የሚተኛው።

ከዚያ ወደ መሬት እያየ «ድምፅሽን ሰማሁት» አለኝ። «ደግሞ ስርጉድ አይደለም፣ ጠባሳ ነው። ልጅ ሆኜ ከዚሁ ሶፋ ላይ ወድቄ ነው» አለ። እኔ ምን እንዳልኩ ታውቂያለሽ? «ያምራል» አልኩ። አባዬ በር ላይ ሆኖ እየሰማ! ከዚያ ወዲህ ልጁ ትምህርት ቤት ውስጥ ሲያገኘኝ እንደ ሽማግሌ ወገቡን ይይዛል። እያሾፈብኝ ይሁን ሰላም እያለኝ ይሁን አላወቅሁም። ዱሮ ቢሆን አንቺን እጠይቅሽ ነበር።

የከዳሽኝ እዚህ ላይ ነው። ሰው ሳቀብኝ ብዬ አይደለም፤ ሰው ይስቃል፣ ይረሳል፣ ነገ ሌላ ሰው ያገኛል። የሚያንገበግበኝ የምነግረው ሰው ማጣቴ ነው። ቀኑን ሙሉ የሆነብኝን ሁሉ በልቤ ላንቺ እየቀመርኩ ነበር የምኖረው፤ አንድ ነገር ሲሆን «ይህን ለሷ» እላለሁ። አሁንም እላለሁ፤ ከዚያ ትዝ ይለኛል። ድመቷ አባዬ መነጽሩን ከኪሱ አውጥቶ በጣለበት የስፖንጅ ቁራጭ ላይ ስትወልድ መጀመሪያ የመጣሽልኝ አንቺ ነሽ፤ ላንቺ ነው ያልኩት፤ ቀጥሎ ተናድጄ አለቀስኩ። ሰው ድመት ስትወልድ ያለቅሳል? ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። አንቺ አጥሬን ነቅንቀሽ ብቻ አልተውሽም፤ በሬን ከፍተሽ ሰው አስገባሽብኝ።

ደብዳቤው እዚህ ላይ ሊያልቅ ነበር። እስከዚህ ድረስ የጻፍኩት ባለፈው ሳምንት ነው፤ ሹፌሩ ስለዘገየ ነው ያልደረሰሽ።

ሐሙስ ዕለት በእማዬ ስልክ ተደወለ፤ እማዬ ልብስ ታሰጣ ስለነበር እኔ አነሳሁት። ከክፍልሽ ያሉት፣ ለሁላችሁም የሚያበስሉት ትልቋ ሴትዮ ናቸው። «የሶፋዋ ልጅ ነሽ?» አሉኝ። «ምነው ልጄ፣ ራዲዮው ቆመብን?» «ተዘግቷል» አልኳቸው፣ ቆጣ ብዬ። እሳቸውም «እህትሽን አትቀየሚያት። ያ መተኮሻ ማሽን እጇን ከያዛት ጀምሮ ፋሻው ሲፈታ የምትችለው ያንቺን ድምፅ ከፍታ ነው። የምፈታላት እኔ ነኝ። ትስቃለች፣ ትጮኻለች፣ እንደገና ትስቃለች። እኛም በዚያው ለመድነው። አሁን ግን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነው የምታስፈታው» አሉኝ።

«ምን እጅ?» አልኳቸው።

«አልነገረችሽም እንዴ?» አሉ። ቀጥለው «ወይኔ ጉዴ!» አሉና ዘጉት። መልሼ ብደውል አላነሱም። የናንተ ክፍል መቼም ምስጢር መያዝ አልፈጠረበትም።

እንግዲህ መጻፍ የተውሽው ለዚህ ነው። ካሜራሽ የተበላሸው ለዚህ ነው። «ደህና ነኝ፣ አንቺ ቀጥዪ» ትዪኛለሽ፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! እኔ ስለ መነጽርና ስለ ስርጉድ እየቀባጠርኩ አንቺ እዚያ ጥርስሽን ነክሰሽ ፋሻ ታስፈቺያለሽ። ይህን ሳውቅ ንዴቴ ይበርዳል ብለሽ ጠብቀሽ እንደሆነ አልበረደም፤ ብሶበታል። የኔን እውነት ለማላውቃቸው ሰዎች ሰጠሽ፤ ያንቺን እውነት ግን ለኔ ከለከልሽኝ። ከሁለቱ የትኛው እንደሚብስ ስመዝን ነው የሰነበትኩት። ሁለተኛው ይብሳል።

እማዬ ልብሱን አስጥታ ገብታ «ማነው የደወለው?» አለችኝ። «ቁጥር ተሳስተው ነው» አልኳት። ዓይኔ አብጦ አየችውና ስለ ባለሶፋው መሰላት፤ «ያልፋል ልጄ» አለችኝ። ለአባዬም አልነገርኩትም። ስፖንጅ ክፍል ገብቼ ለስፖንጁም እንኳን አልተናገርኩም። እይው፣ ምስጢር የሚጠበቀው እንዲህ ነው። ግን ከባድ ነው፤ እህል ውሃ አላሰኘኝም፣ አሁን የምሬን ነው፣ ደግሜ አልበላሁም። ብዙ ጊዜ አልይዝልሽም። ሹፌሩ ተመልሶ እስኪመጣ ድረስ ለእማዬ ራስሽ ንገሪያት፤ ከኔ ወይም ካንዱ አልጋ ጎረቤትሽ እንዳትሰማው። ጩኸቷን እኔ እይዝልሻለሁ።

ለኔ ደግሞ ቮይስ ላኪልኝ። ማሽኑ እንዴት እንደያዘሽ፣ ማን እንዳወጣሽ፣ ማታ ማታ ያምሽ እንደሆነ፣ ለምን ደህና ነኝ እንደምትዪ። የሚያስቅ ባይሆንም ግድ የለም። ስፖንጅ ክፍል ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ ብቻዬን እሰማዋለሁ፤ ለድመቷም አላሰማት። ዓይኔን ግንባር ያድርገው አልልሽም፣ በዚያ መሐላ ማመን ትቻለሁ። ዝም ብለሽ እመኚኝ። እስካሁን ያወራሁት እኔ ነኝ፤ አሁን ተራው ያንቺ ነው። በይ ቀጥዪ።

አባዬ ሰላም ብሎሻል። በድምፅሽ ላይ ስለሰማው ምክር ምንም አላለም፤ ብቻ «ለታላቅየዋም መርፌ አስጨብጣታለሁ፣ ትምጣ» ብሏል፤ ሲለው ፈገግ ብሎ ነበር። አያታችን ስማሻለች፤ ራዲዮ ላይ ያለችውን ልጅ እዚያ ከሰማሽ የምን ሰዓት እንደሆነ እንድትነግሪያት ጠይቃለች። ድመቷና ልጆቿ ደህና ናቸው፤ አንዷ ስርጉድ አላት፣ ወይም ጠባሳ ነው። እማዬ አሁን ከጎኔ ቆማ «ምን እያልሽ ነው እንዲህ የምታረዝሚው?» እያለችኝ ነው። የሷን ሰላምታ እንዳለችው ቃል በቃል ጻፊልኝ ስላለች እነሆ፦ «እጅሽ ይባረክ ልጄ በያት፤ በሁለት እጄ ጉንጮቿን ይዤ ልስማት።» ጽፌዋለሁ። ፊቴን እያየች ስለነበር አላለቀስኩም።

የዱሮ ራዲዮሽ፣ የዘወትር እህትሽ።

እታለም፣ ስለ ፖስታው ከላይ ያልኩትን እርሺው። እንዳልኩሽ በድርብ ክር ጥብቅ አድርጌ ሰፍቼው ነበር፤ ዛሬ ቁጭ ብዬ መልሼ ተረተርኩት። አሁን አላልቼ ነው የምሰፋው፣ ጫፉን ሳብ ስታደርጊው ሁሉም ይፈታል። ሴትዮዋ የትኛው እጅሽ እንደሆነ ሳይነግሩኝ ነው የዘጉት፤ ስለዚህ የክሩን ጫፍ በግራም በቀኝም በኩል እተውልሻለሁ።

ከስፖንጁ ክፍል፣
እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሹፌሩ ጥሩምባ እየነፋ